ጅብ ከሄደ በኋላ መጮህ ይብቃን! (ለአይቲ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

ከዚህ በታች የምታነቡት ለኮሌጅ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው በኔትዎርክ ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፈ ወንድማችን ነው። ረዘም ይላል፤ ግን ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

* * *



ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሀከር መሆን የሚፈልግ እጁን ያውጣ እስቲ። ... ኧረ ብዙ ናችሁ! እሺ፣ አውርዱ። አሁን ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ባክአፕ በትክክል መመለሱን በየሳምንቱ እየፈተነ መኖር የሚፈልግ እጁን ያውጣ። ... ሁለት ሰው። አንደኛው ደግሞ መምህራችሁ ናቸው።

አትሳቁ፣ እኔም በእናንተ ዕድሜ እጄን የማወጣው ለመጀመሪያው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ላወራችሁ የመጣሁት ስለ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም እንጀራው ያለው እዚያ ነው። የሀገር ጥበቃውም ያለው እዚያ ነው።

አባቶቻችን "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይላሉ። የሳይበር ደህንነት ነገር እኛ ጋ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አካውንቱ ከተጠለፈ በኋላ ይጮሃል፤ ሲስተሙ ከወደቀ በኋላ ስብሰባ ይጠራል። ጅቡ ሳይመጣ በረቱን የሚያይ፣ አጥሩ የሳሳበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ነው የጠፋው። እናንተ ያ ሰው እንድትሆኑ ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ውርደት ልንገራችሁ።

ከተመረቅኩ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። የኦኤስአይን ሰባት ሌየሮች እንደ ሀ ሁ በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ውጤቴም ጥሩ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሰርቨር ክፍሉን አስተካክል ተባልኩ። አንድ ኬብል ጫፉ ተንጠልጥሎ አየሁ። "ይሄ ወልቆ ነው" ብዬ ክፍት የነበረ የስዊች ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ሌላኛው ጫፉ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቶ እንደነበር አላየሁም።

ጥቂት ሳይቆይ ሕንጻው በሙሉ ኔትዎርክ አጣ። ገንዘብ ያዥዋ ትጮሃለች፣ ባለጉዳይ ይጮሃል። ምን ተፈጠረ መሰላችሁ? ለሁሉም የሚላከው መልእክት በአንዱ ቀዳዳ ወጥቶ በሌላው ይገባል፣ እየተባዛ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ስዊቹን ያንቀዋል። ሉፕ ይባላል። ይህን የሚከለክል ስፓኒንግ ትሪ የሚባል አሠራር አለ። ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ! ስዊቹ ላይ ግን አልበራም ነበር፤ እኔም መብራት አለመብራቱን እንዴት እንደሚያዩ አላውቅም ነበር።

ግን ውርደቴ እሱ አይደለም። አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። መጡና "ምን ነክተህ ነበር?" አሉኝ። "ምንም" አልኳቸው። ፈራሁ። በዚያች አንድ ቃል የተነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለጉ። ራውተሩን አጥፍተው አበሩ፣ የቴሌን መስመር ፈተሹ፣ በመጨረሻ ኬብሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ደረሱበት። አልተቆጡኝም። "ኬብል መሳሳት የማንም ነው። የነካኸውን መደበቅ ግን ሌባ አሳድሮ በር እንደ መዝጋት ነው" ብለው ሄዱ። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ። የነካሁትን ሁሉ፣ ከነሰዓቱ እጽፋለሁ። ዛሬም ድረስ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንድ፦ በቃል የምታውቁት ነገር እጃችሁ ካላወቀው ሥራ ላይ አይደርስላችሁም። ሁለት፦ በዚህ ሙያ ከችሎታ በፊት የሚፈለገው መታመን ነው። የቀረው ንግግሬ በሙሉ የእነዚህ የሁለቱ ማብራሪያ ነው።

አሁን ደግሞ ትልቁን ታሪክ ልንገራችሁ። የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክን።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2016 ላይ ሌቦች የዚህን ባንክ ኮምፒውተሮች ተቆጣጥረው፣ ኒውዮርክ ከሚገኘው የባንኩ ሂሳብ ላይ ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንዲተላለፍ ትእዛዝ ላኩ። አብዛኛው ታገደ። 81 ሚሊዮኑ ግን ወደ ፊሊፒንስ ወጣ። ወደ ስሪላንካ የሄደው 20 ሚሊዮን የተመለሰው የተቀባዩ ድርጅት ስም በስህተት ተጽፎ አንድ ባንክ ስለተጠራጠረ ነው። አያችሁ? 20 ሚሊዮን ዶላር ያዳነው የፊደል ግድፈት ያስተዋለ ሰው ነው።

እንዴት ገቡ? የአሜሪካ መርማሪዎች እንደገለጹት ሥራ ፈላጊ መስለው ለባንኩ ሠራተኞች ኢሜይል ልከው ነበር። "ሲቪዬን እዩልኝ" የሚል። ከዚያ ውስጥ ገብተው ረጅም ጊዜ ተደብቀው አጠኑ። ቀኑንም መረጡ። ሐሙስ ሌሊት ጀመሩ፤ ዓርብ ባንግላዴሽ ዕረፍት ነው። ባንግላዴሽ ወደ ሥራ ስትመለስ ኒውዮርክ ቅዳሜና እሁድ ነው። ሰኞ ደግሞ ማኒላ በቻይናውያን አዲስ ዓመት ምክንያት ዝግ ነው።

ልብ በሉ፣ የባንኩ የዝውውር ማረጋገጫ የሚታተምበት ፕሪንተር ዓርብ ጠዋት አልሠራም ነበር። ሠራተኞቹ እንደተለመደው የፕሪንተር ብልሽት መሰላቸው። ከእኛ ውስጥ ስንቱ ነው "ፕሪንተሯ ዛሬም አመሏ ተነሳ" ብሎ የሚያልፈው? የሀገሪቱ መርማሪዎች በኋላ እንደተናገሩት ደግሞ ባንኩ በቂ ፋየርዎል አልነበረውም፤ ኔትዎርኩ ላይ የነበሩት ስዊቾችም ሁለተኛ እጅ የሆኑ፣ በ10 ዶላር የሚገዙ ዓይነት ነበሩ። ገንዘብ የሚያስተላልፉት ኮምፒውተሮች ከሌላው ኔትዎርክ በደንብ ተለይተው ቢሆን ኖሮ የሌቦቹ ሥራ እጅግ ይከብድ ነበር።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. ሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ወደ 150 ሀገሮች ገባ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰረዙ። ማይክሮሶፍት የዚያን ቀዳዳ መድፈኛ ያወጣው መቼ ነበር? ማርች ላይ። ሁለት ወር ቀድሞ! መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ የዋጠው ሰው ነው የጠፋው።

እንግዲህ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ መከላከያው ምን ነበር? ኔትዎርክን መከፋፈል። አፕዴት ማድረግ። ባክአፕ መያዝ። ያልተለመደ ነገር ሲያዩ "ለምን?" ማለት። ፊልም ላይ የምናየው ጥቁር ስክሪን ላይ የሚወርደው አረንጓዴ ጽሑፍ የለበትም። የሚሰለች የሚመስለው ሥራ ነው ሀገር የሚያድነው።

ወደ ሀገራችን እንምጣ።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር ሊስትሮው ሳይቀር በስልክ ይቀበላል ብሎ ያሰበ ስንቱ ነው? ዛሬ ደመወዝ፣ መብራት፣ የትምህርት ክፍያ፣ ዕቁብ ሳይቀር በስልክ ነው። የፋይዳ መታወቂያ አለ። ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ መሬት አስተዳደር፣ ሁሉም ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ይህ ማለት የእናቶቻችን ጥሪት፣ የአባቶቻችን የይዞታ ወረቀት፣ የእኛ የጣት አሻራ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ሰኔ 2012 ላይ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ ያኔ ስሙ እንደዚያ ነበር፣ ከሕዳሴው ግድብ ጋር በተያያዘ መነሻቸው ግብፅ የሆኑ የሳይበር ጥቃቶችን እንዳከሸፈ አስታውቋል። ስለ ሀገር ፍቅር መፎከር ጥሩ ነው። ግን ሰርቨር በፉከራ አይጠበቅም። ባንዲራ ፕሮፋይል ላይ ያደረገ ልጅ የስልኩ የይለፍ ቃል 123456 ከሆነ ምኑን ጠበቀው?

መጋቢት 2016 ላይ የሆነውንም ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ችግር ገጠመውና ሰዎች ሂሳባቸው ላይ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣት ቻሉ። ወሬው ካምፓስ ለካምፓስ በቴሌግራም ተዳረሰ፣ ሌሊት ኤቲኤም ላይ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣ ተናገረ፤ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረም ገለጸ። ችግሩ ከራሱ የሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ ነው ተባለ። በኋላ ብዙው ገንዘብ ተመለሰ፤ ያልመለሱት ደግሞ ስማቸውና ፎቶአቸው ወጣ።

ለአይቲ ተማሪ እዚህ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። የመጀመሪያው የሙያ ነው። ሲስተም ላይ ለውጥ ከመደረጉ በፊት በተለየ ቦታ መፈተን አለበት፤ ችግር ከመጣ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ሁለተኛው የሰውነት ነው። ያን ሌሊት የተሰለፈ ተማሪ "ያልዘጋው ባንኩ ነው፣ እኔ ምን አጠፋሁ?" ብሎ ይሆናል። እኔ ቀጣሪ ብሆን ለዚያ ልጅ የሰርቨር ክፍል ቁልፍ እሰጠዋለሁ? እናንተስ ትሰጡታላችሁ? በዚህ ሙያ በየቀኑ ያልተዘጋ በር ታያላችሁ። ሥራችሁ በሩን አይቶ ለባለቤቱ መንገር ነው።

ይህን ካነሳሁ አይቀር አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር።

ኢንቦክስ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ውስጥ ቀላል የማይባለው "ወንድሜ፣ የእነ እከሌን ገጽ እንዴት እንጥለፈው?" የሚል ነው። "ለሕዝባችን ነው" ይባላል። አንዳንዱም የፍቅረኛውን ስልክ ማየት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ የውጤት መመዝገቢያውን። ልጆች፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚባል ሕግ አለ። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር ወይም ዳታ መግባት፣ ምንም ባታበላሹም፣ ምንም ባትሰርቁም፣ መግባቱ ራሱ ወንጀል ነው። ከተፈቀደላችሁ ልክ አልፎ መሄድም እንደዚያው። "ልሞክረው ብዬ ነው" ማለት አያድንም። ዓላማችሁ ቢያምርም አያድንም። አንድ ቀን የሠራችሁት ነገር የዕድሜ ልክ ሙያችሁን ይዘጋዋል። ለሕዝብ የሚጠቅም ልጅ ደግሞ እስር ቤት የገባው አይደለም፤ የሕዝቡን ሆስፒታል ሰርቨር ሲጠብቅ የሚያድረው ነው።

ደንቡ አጭር ነው፦ የራሳችሁ በሆነው ላይ ተለማመዱ፤ የሰው ከሆነ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ያዙ። በቃል "እሺ ሞክረው" ያላችሁ አለቃ ነገ "እኔ አላልኩም" ሊል ይችላል።

እሺ፣ "ታዲያ ከምን እንጀምር?" ትሉኛላችሁ። ወደዚያ ልግባ። እስክሪብቶ ያላችሁ ጻፉ።

አንደኛ፣ ኔትዎርክ። መንገዱን የማያውቅ ዘበኛ ሌባው በየት እንደገባ አያውቅም። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ "ብራውዘር ላይ የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ጽፈህ ኢንተር ስትጫን፣ ገጹ እስኪከፈት ድረስ ምን ምን ይሆናል?" ብዙ ተመራቂ "ኢንተርኔት ይሄድና ያመጣዋል" ብሎ ዝም ይላል። እስቲ አብረን እንሂድበት። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ስሙን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉምለት ዲኤንኤስ ይጠይቃል። አድራሻው ከራሱ ኔትዎርክ ውጭ ከሆነ ወደ ጌትዌይ፣ ማለትም ወደ ራውተሩ ይልካል። ከሰርቨሩ ጋር በሦስት ምልልስ ይተዋወቃሉ። ከዚያ በፖርት 443 ላይ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት ይረጋገጣል፣ ንግግሩ ይመሰጠራል። ያን ጊዜ ነው ገጹ የሚጠየቀው። ይህን በደንብ ያወቀ ልጅ እያንዳንዱ ምዕራፍ ላይ ሌባ የት ሊቆም እንደሚችል ራሱ ያገኘዋል። ዲኤንኤሱን ቢያታልሉስ? ሐሰተኛ ጌትዌይ ቢሆኑስ? ሰርተፊኬቱን ሳያይ "ቀጥል" ብሎ ቢጫንስ? ደህንነት ማለት ይኸው ነው።

ለዚህ የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር በነጻ አለ። ራውተርና ስዊች መግዛት ሳያስፈልጋችሁ ላፕቶፓችሁ ላይ ኔትዎርክ ትሠራላችሁ። ዋየርሻርክም ነጻ ነው፤ በራሳችሁ ኮምፒውተር የሚያልፈውን ትራፊክ ታዩበታላችሁ። ኬብልም በእጃችሁ ግጠሙ! ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አስር ጊዜ ብታበላሹት አስራ አንደኛው ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ሊኑክስ። ብዙው የዓለም ሰርቨር በእሱ ነው የሚሠራው። "ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው" የሚል አለ። አውቃለሁ፣ የኔም እንደዚያ ነበር። ያለ ምስልና ያለ መስኮት፣ በትእዛዝ ብቻ የሚሠራ ሊኑክስ ሰርቨር በ1 ጊጋ ራም ይሄዳል። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ጫኑት። ፓኬጅ ውድ ነው የምትሉ ደግሞ ኦቨር ዘ ዋየር የሚባል ነጻ መለማመጃ አለ፤ ባንዲት በሚባለው ጀምሩ። ከ30 በላይ ደረጃዎች አሉት፤ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ቲክቶክ ላይ በአንድ ምሽት የምታቃጥሉት ሜጋባይት ለብዙ ሳምንት ልምምድ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ትንሽ ኮድ። ፓይተን ወይም ባሽ። ፕሮግራመር ሁኑ አላልኩም። አስር ሺህ መስመር ያለው የሎግ ፋይል ሲሰጣችሁ፣ "ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የይለፍ ቃል መቶ ጊዜ የሳተው ማነው?" የሚለውን በአስር መስመር ኮድ ማውጣት ቻሉ። በዓይን እየፈለገ የሚያድረው ሌላው ነው።

አራተኛ፣ ያኔ ነው ወደ ጥቃትና መከላከል የምትገቡት። ትራይሃክሚ፣ ፒኮ ሲቲኤፍ፣ የፖርትስዊገር የዌብ ደህንነት አካዳሚ፤ ሁሉም በሕጋዊ መንገድ ሰብራችሁ እንድትማሩ የተዘጋጁ ናቸው፤ ብዙ ነጻ ትምህርትም አላቸው። ኢመደአም ለወጣቶች የሳይበር ተሰጥኦ ፕሮግራም አለው፤ ማስታወቂያው ሲወጣ አያምልጣችሁ። ብዙ ልጅ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ዘሎ ካሊ ሊኑክስ ይጭንና የማያውቀውን ትእዛዝ ከዩቲዩብ እየገለበጠ "ሀከር ነኝ" ይላል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። አጥር ሳያጥር ዘበኛ ነኝ እንደማለት ነው።

አምስተኛ፣ መጻፍ። አዎ፣ መጻፍ! ያገኛችሁትን ችግር አለቃችሁ በሚገባው ቋንቋ በአንድ ገጽ መጻፍ ካልቻላችሁ እውቀታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቀራል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተለማመዱ። የሠራችሁትን ልምምድ ሁሉ መዝግቡ፦ ምን ሞከርኩ፣ ምን እምቢ አለ፣ እንዴት ፈታሁት። ያ ደብተር ከማንኛውም ሲቪ ይበልጣል።

ስለ ሰርተፊኬት ትጠይቁኛላችሁ። ሲሲኤንኤ ጥሩ ነው። ሴኪዩሪቲ ፕላስ ጥሩ ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሴኪዩሪቲ ፕላስን የሚፈልጉት እዚያ ከመከላከያ ሚኒስቴሩ ጋር የተያያዙ ብዙ ሥራዎች ስለሚቀበሉት ነው። ግን የፈተናው ዋጋ በዶላር ነው፣ ለእናንተ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ እውቀቱን ያዙ፤ የትምህርቱ ይዘት በነጻ ይገኛል። ፈተናውን ሥራ ስትይዙ፣ ወይም የሚያግዛችሁ ስታገኙ ትወስዱታላችሁ። "በሦስት ወር የሳይበር ባለሙያ አደርግሃለሁ፣ ዶላር ታፍሳለህ" ለሚላችሁ ማሠልጠኛ ግን የእናታችሁን በግ ሽጣችሁ እንዳትከፍሉ። መልሱን ብቻ የያዘ የፈተና ኮፒ የሚሸጥላችሁንም ሽሹት። የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ አለ፤ እሱንም እለፉ። ግን ፈተና ማለፍና ሌሊት የወደቀ ሰርቨር ማንሳት ይለያያሉ።

ሥራውስ የት ነው? ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም፣ ዳታ ሴንተሮች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታሎች። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው መረጃ የሚይዝ ድርጅት ሁሉ መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ይህ የሥራ በር ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከምርቃት ማግስት "የሳይበር ደህንነት ባለሙያ" የሚል ወንበር ላይ የሚቀመጥ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የገባነው በኮምፒውተር ጥገና፣ በሄልፕ ዴስክ፣ በኬብል ዝርጋታ ነው። አትናቁት! ፕሪንተር ስትጠግኑ የመሥሪያ ቤቱን ኔትዎርክ ታያላችሁ። የይለፍ ቃላቸውን በወረቀት ጽፈው ስክሪን ላይ የለጠፉትን ታያላችሁ። ደህንነትን የሚያውቅ ሄልፕ ዴስክ ለመሥሪያ ቤቱ ወርቅ ነው።

እህቶቼ፣ ለእናንተ ለብቻ አንድ ቃል። "የኬብልና የሰርቨር ክፍል ሥራ የወንድ ነው" ሲሏችሁ አትስሙ። መቶ ማስጠንቀቂያ ከሚያሳይ ስክሪን ላይ አንዷን እውነተኛ ለይቶ ማውጣት ትዕግሥትና ማስተዋል ነው የሚፈልገው። ጡንቻ የሚፈልግ ነገር የለበትም።

ለመምህራንና ለኮሌጁ ኃላፊዎችም፣ በትሕትና፣ ልለምን። ላቦራቶሪው "ኮምፒውተር ይበላሻል" ተብሎ እየተቆለፈ ልጆቹ በወረቀት ላይ ኔትዎርክ ሲስሉ ይውላሉ። አንድ ክፍል ከዋናው ኔትዎርክ ለዩላቸውና ያበላሹ። እዚህ ያበላሹት ባንክ ውስጥ እንዳያበላሹ ያደርጋቸዋል። አሮጌ ኮምፒውተርና ስዊች ካለ ከመጋዘን አውጡላቸው። ለተግባር ልምምድ የምትልኳቸው ቦታም ፋይል እያመላለሱ፣ ሻይ እየታዘዙ እንዳይመለሱ ተከታተሉ። ተማሪው ምን ነካ፣ ምን አስተካከለ ብላችሁ ደብተሩን እዩ።

መቼም የራሱን ቤት ያልዘጋ የሰው ቤት አይጠብቅምና ከዚህ ስትወጡ፣ ዛሬ ማታ፣ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፦ የቴሌግራምና የፌስቡካችሁን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። በስልካችሁ የሚመጣውን ኮድ ለማንም፣ "ጓደኛህ ነኝ፣ በስህተት ነው የተላከብህ" ለሚላችሁም እንዳትሰጡ። ብዙ አካውንት የሚሰረቀው በዚህ ነው። ሁለተኛ፦ ከኅትመት ቤት የመጣ ፍላሽ ሳትፈትሹ አትክፈቱ፤ ሾርትካት ቫይረስ ያልበላው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው እድለኛ ነው። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌርም አትጫኑ፤ በነጻ ያገኛችሁት ፕሮግራም እናንተን ሊሸጣችሁ ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ሁለት ቦታ ባክአፕ አድርጉ፤ ከዚያ አንዱን ከፍታችሁ መሥራቱን እዩ። ሦስተኛ፦ ቤታችሁ ዋይፋይ ካለ የራውተሩን የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል እዩ። አድሚን አድሚን ከሆነ ለውጡት። ከዚያ የእናታችሁን ስልክ ተቀበሉና የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራቸው በቀላሉ የሚገመት እንዳልሆነ አረጋግጡ። የመጀመሪያ ደንበኛችሁ እናታችሁ ናቸው።

ልጨርስ። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ለእኛ የተዉልን የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ነበር። ለእኔ ሰጡኝ። "ያን ቀን ዋሽቼዎት ነበር እኮ" አልኳቸው። "አውቃለሁ" አሉኝ። "ከዚያ ወዲያ ግን ደብተርህን ሳየው ነበር።"

ደብተር ያዙ ልጆች። የነካችሁትን ጻፉ፣ ያጠፋችሁትን ንገሩ፣ የራሳችሁ ያልሆነውን አትንኩ። ያን ጊዜ የሀገር ቁልፍ የሚሰጣችሁ አይጠፋም።

ጥያቄ ያለው ወደ ፊት ይምጣ።

* * *

ወገን! ይህን ጽሑፍ ለምታውቁት የኮምፒውተር ተማሪ ሁሉ አድርሱት። ዛሬ ማታ ከሦስቱ የትኛውን እንዳደረጋችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የይለፍ ቃላችሁን ግን እንዳትጽፉ!